ክህነቱ ከላይ፣ ገንዘቡ ከታች፦ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚመራው በማን ነው?

«ቤተ ክርስቲያኑን የሠራነው እኛ፣ አለቃ የሚሾሙብን እነሱ!» ደብረ ብርሃን ላይ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ቆመው ሲያወሩ፣ ወይም መንዝ ውስጥ ሰንበቴ ላይ ጠላው ሲዞር እንዲህ ያለ ቅሬታ መስማት አዲስ አይደለም። አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ «ቤተ ክርስቲያን እኮ የቀበሌ አዳራሽ አይደለም፤ አባቶች ያሉት ነው የሚሆነው» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ እዚያው ላይ ይቀራል። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ወደየቤታቸው ይገባሉ።

በጥር 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ኤጲስ ቆጶሳትን (የጳጳስነት የመጀመሪያው ማዕረግ ነው) ከሾሙ ወዲህ ደግሞ «ሲኖዶስ»፣ «ቀኖና»፣ «መዋቅር» የሚሉት ቃላት ቡና ላይ ሳይቀር ይነሳሉ። የሚነሱትን ያህል ግን አልተብራሩም።

ነገሩ የሚወሳሰበው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጓዙ ነው። ክህነት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ገንዘብና ጉልበት ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያው ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። ሁለተኛው ግን፣ አሁን ባለው መልኩ፣ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጠቡ በብዛት የሚነሳው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

አጥቢያ እንደ እድር ነው?

ብዙ ሰው በልቡ እንደ እድር ነው የሚያየው። እድርን ጎረቤት ተሰብስቦ ያቋቁመዋል። ዳኛውን ራሱ ይመርጣል፣ መዋጮውንም ራሱ ይተምናል። ካልተስማማ ለሁለት ይከፈላል፤ ከፈለገም ያፈርሰዋል። ከእድሩ በላይ ሌላ እድር የለም።

አጥቢያም ከውጭ ሲታይ ይሄንኑ ይመስላል። ድንጋዩን የተሸከመው የሰፈሩ ሰው ነው። ለቆርቆሮው ያዋጣው እሱ ነው። ንግሥ ሲደርስ ዳቦ የሚጋግረው፣ ጠላ የሚጠምቀው፣ እንግዳ የሚቀበለው እሱ ነው።

ልዩነቱ መቅደሱ ውስጥ ነው ያለው። ቤተ ክርስቲያኑን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው ታቦቱ ነው። ታቦትን ደግሞ የሚባርከው ጳጳስ ነው። ለአንድ ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። አንድ ልጅ መሪጌታ ዘንድ ዓመታት ተምሮ ዜማውንም ንባቡንም ቢያውቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቢወደው፣ ጳጳስ ካልሾመው ዲያቆን አይሆንም። ሕፃን ሲጠመቅ የሚቀባው ቅዱስ ቅባት፣ ሜሮንም የሚመጣው ከላይ ነው፤ የሚባረከው በሊቃነ ጳጳሳት ነው።

ስለዚህ አንድ አጥቢያ «እኛ ራሳችንን ችለናል፣ ከማንም ጋር አንገናኝም» ቢል ሕንፃው አብሮት ይቀራል። ካህናቱ እስካሉም ይቀድሳል። ከእነሱ በኋላ ግን የሚተካ የለም። ይህን ሳይዙ ስለ «አጥቢያ ነፃነት» ማውራት ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ከአጥቢያው በላይ ማን ማን አለ?

ይህን በአጭሩ እንለፈው። ታችኛው እርከን አጥቢያ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው ያሉ ምእመናን ማለት ነው። አጥቢያው ገጠር ያለ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ብዙ አገልጋይ ያለው ደብር ወይም መነኮሳት የሚኖሩበት ገዳም ሊሆን ይችላል። አጥቢያውን የሚያስተዳድረው ሰው አለቃ ወይም አስተዳዳሪ ይባላል። አብሮት የሚሠራው የተመረጠ አካል ሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ ነው፤ ሰው በአጭሩ «ሰበካ ጉባኤ» የሚለው።

ከዚያ በላይ ወረዳ ቤተ ክህነት አለ። ከወረዳው በላይ ሀገረ ስብከት አለ፤ መሪው ሊቀ ጳጳስ ነው፣ የቢሮውን ሥራ ደግሞ ሥራ አስኪያጅ ያካሂዳል። ከሁሉም በላይ አዲስ አበባ ላይ ጠቅላይ ቤተ ክህነትና ቅዱስ ሲኖዶስ አሉ። ቅዱስ ሲኖዶስ በፓትርያርኩ ሰብሳቢነት የሚመክር የሊቃነ ጳጳሳት ጉባኤ ነው። መደበኛ ስብሰባው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ በጥቅምት፣ ሌላው ከፋሲካ በኋላ ባለው ርክበ ካህናት።

እዚህ ላይ ለሸዋ ሰው አንድ ነገር መጥራት አለበት። «ሰሜን ሸዋ» የሚል ስም ያላቸው ሀገረ ስብከቶች ሁለት ናቸው። የአንዱ መቀመጫ ደብረ ብርሃን ነው። ሌላው ፍቼ ላይ ያለው የሰላሌው ነው። ዜና ላይ «የሰሜን ሸዋ ሀገረ ስብከት» ሲባል የትኛው እንደሆነ ሳያጣሩ መቆጣት ይበዛል።

ድሮም እንዲህ ነበር?

አልነበረም። ትልቁ አለመግባባት እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ የዛሬው ቢሮ፣ ማኅተምና ደብዳቤ ከአባ ሰላማ ጊዜ ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ በድሮ ጊዜ እያንዳንዱ ደብር እንዳሻው ይኖር እንደነበር ያስባል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ከ1,600 ዓመት ለሚልቅ ጊዜ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚላክላት ከእስክንድርያ ነበር፤ ግብፃዊ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜም ለአገሩ ሁሉ አንድ ብቻ። ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል አንቀጽ የሕግ መጽሐፉ ፍትሐ ነገሥት ውስጥ ሰፍሮ ስለነበር በሕግም ታስሮ ቆይቷል። አንዱ ጳጳስ ሲሞት ሌላ እስኪመጣ ዓመታት የሚያልፉበት ጊዜ ነበር።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ክህነት የሚፈልግ የመንዝ ወይም የቡልጋ ሰው ጳጳሱ ወዳለበት መጓዝ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ክህነት ሲቀበሉ ማየቱን ጽፏል። አንድ ሰው ይህን ያህል ሕዝብ ሾሞ የእያንዳንዱን ደብር ሒሳብ ሊቆጣጠር አይችልም። አልተቆጣጠረምም።

ታዲያ ማን ያስተዳድር ነበር? ታች ላይ አለቃው፣ ቄሰ ገበዙና የአካባቢው ባላባት። ላይ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ። የትልልቅ አድባራትን አለቃ የሚሾመው ንጉሡ ነበር። ገዳማቱን የሚመለከተው የመነኮሳቱ አለቃ፣ የደብረ ሊባኖሱ ዕጨጌ ነበር። አንኮበር ላይ የነገሡት የሸዋ ነገሥታትም ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ስለዚህ ማዕከል አልነበረም ማለት አይቻልም። ማዕከሉ ግን ጳጳሱ ሳይሆን ዙፋኑ ነበር።

በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ያዕቆብ የተባሉት ጳጳስ ለዚህ ችግር አንድ መፍትሔ ሞክረው ነበር። ከደብረ ሊባኖሱ ከአቡነ ፊልጶስ ጋር ሆነው ሸዋን ንቡራነ እድ ለሚባሉ አሥራ ሁለት መነኮሳት አለቆች አከፋፈሉት። እያንዳንዱ መነኩሴ የሚያስተምርበትና የሚጠብቀው አገር ተሰጠው። ሞረት ውስጥ ያለው የአቡነ ዜና ማርቆስ ገዳም ስሙ የሚነሳው ከዚህ ትውልድ ጋር ነው። የዛሬው ወረዳ ቤተ ክህነት የሚሠራውን ሥራ ያኔ ገዳማት ይሠሩት ነበር ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ከማዕከሉ ያፈነገጠ ነበር? ምን ሆነ?

ነበር። የታሪኩ መቋጫ ደግሞ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው።

የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜንም እሑድንም ሰንበት አድርገው ያከብሩ ነበር። ከእስክንድርያ የሚመጡት ጳጳሳት ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ነው ብለው ይቃወማሉ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ አገር ለቀው ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1352 ገደማ አርመን አገር አረፉ። ተከታዮቻቸው ግን አልተበተኑም። ወደ ሰሜን ዳርቻ ሄደው የራሳቸውን ገዳማት መሠረቱ፤ ከጳጳሱም ክህነት ሳይቀበሉ ለብዙ ዘመን ቆዩ።

ይህ ማፈንገጥ ከባድ ነበር። እነዚህ ገዳማት ጠንካራ ነበሩ፤ መሬት ነበራቸው፤ ሕዝብ ይከተላቸው ነበር። የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ የጳጳስ እጅ። ማዕከሉ ደግሞ እነሱን ጥሎ መሄድ አልቻለም፤ በዝተዋል። መጀመሪያ ዐፄ ዳዊት ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተጉለት ውስጥ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ቅዳሜም እሑድም እንዲከበር ተስማሙ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ደግሞ ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ።

ልብ ብሎ ላየው ሁለቱም ወገን ሰጥቶ ነው የተቀበለው። ዳርቻው ያቆየው ሥርዓት የመላው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆነ። ዛሬ ቅዳሜን «ቀዳሚት ሰንበት» ብለን የምናከብረው በዚያ ስምምነት ጸንቶ ነው። ዳርቻው ደግሞ ወደ አንዱ የክህነት ሰንሰለት ተመለሰ። በእኔ ግምት ስለ አጥቢያና ማዕከል ለማውራት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም።

ሁሌ እንዲህ በስምምነት ግን አላለቀም። በ19ኛው መቶ ዘመን በሸዋ ብዙ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ልደት «ሦስት ልደት» ወይም «የጸጋ ልጅ» የሚባለውን ትምህርት ይከተሉ ነበር። መንዝ ላይ ደግሞ የሚቃወሙት ነበሩ። ክርክሩ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበርን ሳይቀር አምሷል። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ምኒልክ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገቡ የሃይማኖት አንድነትም የስምምነቱ አካል ሆነ። በዚያው ዓመት ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደረገ። የተዋሕዶ ትምህርት ጸና፣ ሌላው ተከለከለ። እዚህ ላይ ማዕከሉ አልተደራደረም። ወሳኙ ኃይል አሁንም ዙፋኑ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን የራሷን ጳጳስ ያገኘችው መቼ ነው?

በደረጃ ነው። ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1881 በአንዴ አራት ግብፃውያን ጳጳሳትን አስመጡ። ከእነሱ አንዱ አቡነ ማቴዎስ ለሸዋ ደረሱ። በ1921 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ተሾሙ፤ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ይስሐቅ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ጴጥሮስ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስት የረሸናቸው አቡነ ጴጥሮስ የፍቼ ሰው ናቸው። እነዚህ አባቶች ግን ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም ነበር። ቁልፉ አሁንም እስክንድርያ ነው።

በ1943 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖሱ ዕጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ አቡነ ባስልዮስ ተብለው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ። ከዚህ በኋላ ኢትዮጵያ የራሷን ጳጳስ ራሷ መሾም ቻለች። ጳጳሳት በዙ። በየጠቅላይ ግዛቱ ሊቀ ጳጳስ ተቀመጠ። «ሀገረ ስብከት» ቢሮና ሠራተኛ ያለው ነገር የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ነገሩ ትንሽ ያስገርማል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከውጭው ማዕከል ነፃ በወጣች መጠን የውስጡ ማዕከል ወደ አጥቢያው ቀረበ። ካይሮ ያለ የእስክንድርያ ፓትርያርክ የአንጎለላን ደብር ሒሳብ አይጠይቅም። ደብረ ብርሃን ያለ ሀገረ ስብከት ግን ይጠይቃል።

ቃለ ዓዋዲ ምንድን ነው?

ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤያት የሚቋቋሙበትና የሚሠሩበት የቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጣዊ ደንብ ነው። በ1965 ዓ.ም. በሁለተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ተሻሽሏል።

ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ምእመኑ በቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ውስጥ በሕግ የታወቀ ቦታ አልነበረውም። ያስቀድሳል፣ ይዘክራል፣ ይሳላል። ደብሩ የሚኖረው በመሬቱ ነበር። ካህኑ የሰሞን መሬት አለው፤ ሲያገለግል ያርሰዋል ወይም ያሳርሰዋል። ትልልቆቹ አድባራትና ገዳማት ደግሞ ሰፊ ጉልት፣ ማለትም ግብሩ ለእነሱ የሚገባ መሬት ነበራቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። ጉልቱ ቀረ። የሰሞን መሬቱም ቀረ። አንድ ደብር ትናንት የነበረው ገቢ በአዋጅ ጠፋ። ከሁለት ዓመት በፊት በወረቀት ላይ የነበረው ሰበካ ጉባኤ በአንድ ጊዜ የህልውና ጉዳይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ካህኑን የሚያኖረው መሬቱ ሳይሆን ምእመኑ ነው።

ለውጡ እዚህ ላይ ነው፤ በደንብ የሚነገርለት ግን አይመስለኝም። ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ጥያቄ ይጠይቃል። መሬት አይጠይቅም።

ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ማን አለ? አለቃውንስ ማን ይሾማል?

ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተመርጦ የሚቋቋም ነው። የሥራ ዘመኑ ሦስት ዓመት ነው። ገንዘብ መሰብሰብ፣ ንብረት መጠበቅ፣ ሕንፃ ማሠራት፣ የካህናትን ደመወዝ መክፈል የሱ ሥራ ነው። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈትና ሲቆጠርም ተወካዮቹ ይገኛሉ።

አሁን ቋጠሮውን እዩት። አባላቱን የሚመርጠው አጥቢያው ነው። ሰብሳቢው ግን አለቃው ነው፤ በሹመቱ። ምክትሉ ከምእመናን ይሆናል። አለቃውን ደግሞ፣ በተለይ ከተማ ላይ፣ የሚመድበውና የሚያዛውረው ሀገረ ስብከቱ ነው። ገጠር ላይ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ካሉት ካህናት አንዱ ይሆንና የሹመት ደብዳቤው ከላይ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከታች የተመረጡና ከላይ የተላኩ ሰዎች ይቀመጣሉ። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። ተጠሪነታቸው ግን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው።

ሲስማሙ ሥራው እንደ ጉድ ይሄዳል። ሳይስማሙ ሲቀሩ አንዱ «እኔን የላከኝ ሀገረ ስብከቱ ነው» ይላል፣ ሌላው «እኔን የመረጠኝ ሕዝቡ ነው» ይላል። በር ይቆለፋል። የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው የሚለው ጥያቄ ከቀኖና ጥያቄ በላይ ይጮኻል።

ገዳማት ለየት ይላሉ። መነኮሳት ሁሉን በጋራ አድርገው በሚኖሩበት በአንድነት ገዳም መነኮሳቱ አበምኔታቸውን ራሳቸው መርጠው ጳጳሱ ማጽደቁ የቆየ ልማድ ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ ገዳም ለሀገረ ስብከት ትእዛዝ ቶሎ «እሺ» የማይለው።

ሃያ ፐርሰንቱ ለምንድን ነው?

አጥቢያው ከሚያገኘው ገቢ ሃያ በመቶውን ወደ ላይ ፈሰስ ያደርጋል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ሃያ ፐርሰንት» በሚለው ስሙ ነው። መቶ ሺህ ብር ያገባ አጥቢያ ሃያ ሺውን ያስተላልፋል ማለት ነው። ገቢው ከአባልነት መዋጮ፣ ከአሥራት፣ ከስእለት፣ ከሙዳየ ምጽዋት፣ ከጧፍና ጃንጥላ ሽያጭ የሚሰበሰብ ነው።

የማዕከሉ ክርክር ቀላል አይደለም። ሸንኮራ ዮሐንስን ወይም ጻድቃኔ ማርያምን አስቡ። ከአዲስ አበባ ሳይቀር ለጸበል የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጌራ ወይም ግሼ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ያለች፣ ሃምሳ አባወራ የማይሞላ አጥቢያ ያላት ቤተ ክርስቲያን አስቡ። ቄሱ ጠዋት ቀድሶ ከሰዓት ያርሳል። ዲያቆን ስለጠፋ ቅዳሴ የሚታጎልበት ሰንበት አለ። ያለው ለሌለው የሚደርሰው በመሐል የሚሰበስብና የሚያከፋፍል አካል ሲኖር ነው። የካህናት ማሠልጠኛውም፣ የአብነት ትምህርት ቤቱም፣ የሀገረ ስብከቱ ሠራተኛ ደመወዝም ከዚሁ ነው።

የአጥቢያውም ክርክር ቀላል አይደለም። ገንዘቡ ሲወጣ ያያል፣ ሲመለስ አያይም። የገጠሯ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ጣሪያዋ ያፈሳል። «ታዲያ ሃያችን የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ዓመፅ አይደለም።

እኔ እንደሚገባኝ ጠቡ በመቶኛው ላይ አይደለም። አሥር ቢሆንም ይጣሉ ነበር። ጠቡ በሪፖርቱ ላይ ነው። ካርኒ ያልቆረጠ ሁሉ ሌባ አይደለም፣ ካርኒ ያልቆረጠ ግን ሁሌ ይታማል።

ጳጳስን አጥቢያ መምረጥ አይችልም?

አይችልም። ኤጲስ ቆጶስን የሚመርጠውም የሚሾመውም ቅዱስ ሲኖዶስ ነው። ምእመን እስከ ላይ ድረስ ድምፅ የሚሰጥበት አንድ ቦታ ቢኖር የፓትርያርክ ምርጫ ነው። በየካቲት 2005 ዓ.ም. ከየሀገረ ስብከቱና ከየተቋማቱ የመጡ 806 መራጮች ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ ከካህናት ሌላ ምእመናንና ወጣቶችም ነበሩባቸው። አቡነ ማትያስ በ500 ድምፅ ተመረጡ።

በ2015 የሆነው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጥር 14 ቀን ወሊሶ አካባቢ በሐሮ በዓለ ወልድ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ምክንያታቸው ሕዝቡ በቋንቋው አልተገለገለም የሚል ነበር። ብዙ ሰው ያኔ «ሦስት ጳጳስ ከበቃ ምን ችግር አለው?» ሲል ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ325 የተደረገው የኒቅያ ጉባኤ አራተኛ ቀኖና ሦስት ኤጲስ ቆጶሳት እንዲገኙ ይላል። ግን በዚያ አያቆምም። ያልተገኙትም በጽሑፍ እንዲስማሙ፣ የአገሩ ሊቀ ጳጳስም እንዲያጸድቅ ያዛል። ቁጥሩ የሥርዓቱ ግማሽ ብቻ ነው። ቅዱስ ሲኖዶስ አውግዞ ለየ፤ በየካቲት ደግሞ ስምምነት ተደረሰ። ከስምምነቱ ነጥቦች አንዱ በአካባቢ ቋንቋ የሚሰጠው አገልግሎት እንዲጠናከር ነበር።

የትግራይ አባቶች በጦርነቱ ዘመን ከአዲስ አበባው ሲኖዶስ ተለይተው በሐምሌ 2015 አክሱም ላይ የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ሾመዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ አገር ውስጥና ውጭ ተብሎ ለሃያ ስድስት ዓመት ገደማ የቆየው የሲኖዶስ ክፍፍል በሐምሌ 2010 በዕርቅ አልቋል። በሦስቱም አጥቢያው አልጀመረውም። ላይ ሲሰነጠቅ ግን ታች ያለው ቄስ በቅዳሴው የማንን ስም እንደሚጠራ ይጨነቃል። ክፍፍል ወደ መንደር የሚገባው በዚህች በር ነው።

ሌሎች ቤተ እምነቶችስ?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰንሰለቷ እስከ ሮም ይደርሳል። መካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናንን ከታች፣ ሲኖዶስን ከላይ አድርጋ በተመረጡ ጉባኤያት ትመራለች። ከሌሎቹ ወንጌላውያን መካከል አጥቢያው መጋቢውን ራሱ የሚቀጥርባቸው አሉ። ሙስሊሞች ዘንድም በመስጊድና በመጅሊስ መካከል ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቷል፤ በ2004 ዓ.ም. ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ የመጅሊስ አመራር ምርጫ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የኦርቶዶክስ ብቻ አይደለም።

ቅሬታ ያለው ምእመን ወዴት ይሂድ?

መጀመሪያ ቅሬታው የየትኛው ወገን እንደሆነ ይለይ። ስለ እምነት፣ ስለ ቅዳሴ፣ ስለ ካህን ሹመትና ሽረት ከሆነ የሰበካ ጉባኤ ድምፅ አይወስነውም። ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ሀገረ ስብከቱና ወደ ሊቀ ጳጳሱ የሚሄድ ነው። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሕንፃ፣ ስለ ንብረት ከሆነ ደግሞ የሚጀምረው እዚያው አጥቢያ ላይ ነው። ሰበካ ጉባኤው የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለምእመኑ ማቅረብ አለበት። ዘንድሮ ካልቀረበ ለምን እንዳልቀረበ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። መልስ ካልተገኘ ያው ጽሑፍ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት ይሄዳል። በቃል የተነገረ አቤቱታ ግን በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ሁለተኛ፣ አብዛኛው ሰው የሰበካ ጉባኤ መዝገብ ላይ ስሙ ያለው ቀብር ሲመጣ ነው። ፍትሐት ሲያስፈልግ የሦስትና የአራት ዓመት ውዝፍ መዋጮ በአንድ ቀን ይከፈላል። በየሦስት ዓመቱ በሚደረገው ምርጫ ላይ ግን ይህ ሰው የለም። ሲመረጥ ያልነበረ ሰው በኋላ «ማን መረጣቸው?» ቢል መልሱ አስቸጋሪ ነው። የአጥቢያችሁ ምርጫ መቼ እንደሆነ የማታውቁ ከሆነ በመጪው እሑድ የሰበካ ጉባኤውን ጸሐፊ ጠይቁት። ስማችሁ መዝገቡ ላይ መኖሩንም አብራችሁ አስፈትሹ።